ሜላንኮሊ በመርዶ ዋዜማ

መምህር አለምነውን ሰፈራችን ውስጥ የማያውቀው የለም፤ የሚሸሸውም ብዙ ነው። ደብረ ታቦር እንግሊዝኛ ያስተምራል። አንድ ቃል እጁ ከገባ ዘር ማንዘሩን ሳይቆጥር አይለቅም። ከሁሉ የሚወደው ሜላንኮሊ የሚባለውን ነው። ሐዘን ማለት ነው፤ እሱ እንደሚለው ግን የኛን ዓይነት ተራ ሐዘን አይደለም።

ባለፈው የካቲት የሚስቱ የሠናይት እናት አንበሳሜ ከተማ ከሰዓት በኋላ አረፉ። ስልኩ የተደወለው ለእሱ ነበር። ሠናይት ከሥራ ሳትመለስ የእድራችን ዳኛ አያ ገሰሰ ጠርተው መከሩት።

"መርዶውን ጎሕ ሲቀድ መጥተን እናረዳታለን። መኪናም ተይዟል፤ ለቀብሩ ትደርሳለች። አንተ ራትህን ብላና ዝም በል።"

ከአለምነው ዝምታ መለመን ከጉና ተራራ ሙቀት መለመን ነው። ራት ላይ፣ "ሚስቴን ቀስ ብዬ ላዘጋጃት" ብሎ በልቡ ቆረጠ። በኋላ እንደነገረችን፣ "ሐዘን ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?" ብሎ ነው የጀመረው። ቃሉ ከግሪክ እንደመጣ አስረዳት፦ ሜላስ ጥቁር፣ ኾሌ ሐሞት። የጥንት ሐኪሞች፣ ሰው የሚያዝነው ጥቁር ሐሞት ሰውነቱ ውስጥ ሲበዛ ነው ይሉ ነበር አላት። ሐሞቱ እንዴት እንደሚበዛም የሽሮውን ድስት በጭልፋ እያማሰለ አሳያት።

"ታዲያ ግሪኮች ሲያለቅሱ እንባቸው ጥቁር ነበር? ልብሳቸውን በምን ያጥቡት ኖሯል?" አለችና በሳቅ ፈረሰች።

ሳቋ ግድግዳውን አልፎ እኛ ቤት ተሰማ። መርዶውን ሰምተን ተቀምጠን ስለነበር ክው አልን። እሱ ግን ትምህርቱ ስለገባት ደስ ብሎት ነበር።

ጎሕ ሲቀድ አያ ገሰሰን አስቀድመን ገባን። ሠናይት ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስታየን አንድም ቃል አላስፈለጋት። ራሷን ልትጥል ስትል ሴቶቹ ያዟት። ለቅሶው ትንሽ በረድ ሲል ወደ ባሏ ዞረች።

"መቼ ሰማህ?"

"ትናንት… ከሰዓት።"

"መደበቁስ ወግ ነው፤ እነሱም ደብቀውኛል። እናቴ ሳትቀበር ለምን አሳቅኸኝ?"

የቃል ሁሉ ዘመድ የሆነው ሰው ዐይን ዐይናችንን ያይ ጀመር። እኛም አልረዳነውም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ፣ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ሠናይት ደረቷን እየመታች ይህንኑ ታወርድ ነበር፦

"እናቷ ሞታ የሳቀች ሴት፣ ማን ናት ቢሏችሁ፣
የመምህሩ ሚስት በሉልኝ፣ ጎረቤቶቼ እባካችሁ።"

አለምነው ጥግ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ስለ እንባው ቀለም የጠየቀው የለም።