ከልጄ ዕድሜ የቀነስኩት ዓመት ተኩል

ካዛንቺስ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ለልማት ሲፈርስ ወሎ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ተከራየን። ያለችኝ አንዲት ልጅ ያኔ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። «እማ» እና «እንካ» ከማለት በቀር ቃል አልነበራትም። ስትራመድም ትንገዳገዳለች። የካዛንቺስ ጎረቤት በሙሉ ዕድሜዋን ያውቃል፤ «ዛሬስ ተናገረች?» እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኝ ነበር። ቤቱ ሲፈርስ ሰው ሲያለቅስ እኔ እፎይ ብያለሁ።

የአዲሱ ግቢ ባለቤት ባልቴት ናቸው፤ ወሎዬ፣ ሰባት ልጅ ያሳደጉ፣ ሶላታቸውን የማያሳልፉ ደግ ሰው። ዕቃ ስናወርድ ልጄን አቀፏትና «ስንት ዓመቷ ነው?» አሉኝ።

«ሁለት» አልኩ።

በቃ፣ እንዲሁ ከአፌ አመለጠኝ። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ሁለት ቢሏት ታስመስላለች። ባሌ ፍራሽ ተሸክሞ ሲያልፍ ሰምቶኛል፤ ሳያርመኝ ገባ። ሰው ለትምህርት ቤት ይጨምራል፣ ለኳስ ይቀንሳል፣ እኔ ብቀንስ ምን ችግር አለው አልኩ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ማለቴ፣ የሁለት ዓመት ልጅ ባትናገር ማን ይገረማል? ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን እጇን ይዤ ሱቅ ሄድኩ፤ ማንም አላፈጠጠባት።

ከባምቢስ ዝቅ ብሎ እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን በጊዜ ይዞ የሚያግዝ ቤት እንዳለ የሰሙት አከራያችን እማማ ናቸው። «ልጄ፣ ቶሎ ሲያዝ ነው የሚሻለው አሉ። ነይ፣ አብሬሽ ልሂድ» አሉኝና በታክሲ ሄድን። በእኔ ዕድሜ ያለች ባለሙያ ምንጣፍ ላይ ከልጄ ጋር ቁጭ ብላ ኳስ በጨርቅ ሸፈነችላት፣ ማንኪያ ሰጠቻት፣ ኩብ አስደረደረቻት። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳችና ዕድሜዋን ጠየቀችኝ። እማማ አጠገቤ ተቀምጠዋል። እሳቸው ፊት እንዴት ብዬ ቃሌን ልጠፍ?

«ሁለት ዓመት ከሦስት ወር» አልኩ።

«ዘግይታለች፤ ለዕድሜዋ ግን ብዙ አይደለም» አለች ባለሙያዋ። «ያለን ቦታ ጥቂት ስለሆነ በጣም ለዘገዩት ነው ቅድሚያ የምንሰጠው። እቤት ዓይኗን እያየሽ አውሪያት፣ አጫውቻት። ከስድስት ወር በኋላ መልሰሽ አምጪያት።»

አይ እኔ። «ብዙ አይደለም» ስትለኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዕድሜውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ መልሱን ግን እንደ እውነተኛ መልስ ተቀበልኩት። ስንመለስ ብርቱካን ገዛሁላትና እዚያው ታክሲ ውስጥ እየላጥኩ አጎረስኳት። ከዚያ ቀን የበለጠ የደደብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

በስድስተኛው ወር መልሼ ወሰድኳት። ባለሙያዋ «ከእኩዮቿ ጋር ያላት ልዩነት ሰፍቷል» ብላ ወረፋ ውስጥ አስገባቻት። ያን ቀን ብናገር ኖሮስ? አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ መዋሸቴን ለማመን አንዴ ከመዋሸቴ የበለጠ አፈርኩ። ወረፋው አንድ ዓመት ፈጀ። በዚያ መሃል ልጄ የምትፈልገውን መናገር ሲያቅታት የገዛ እጇን መንከስ ጀመረች፤ «እንካ» የምትለውም ቀረ።

በመጨረሻ ተደወለልኝ። «ቦታ ተገኝቷል፣ የክትባት ካርዷን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ባሌ «ጠፋ በያቸው» አለኝ። ልል ነበር። ብቻዬን አዝያት ሄድኩ። ባለሙያዋ ግን አራት ዓመት ላልሞላት ልጅ ያሰበችውን ሁሉ እየዘረዘረች ስታስረዳኝ ነገሩ ገባኝ። ልጄን በሌላ ልጅ ልክ ሊለኳት ነው። ካርዱን አውጥቼ ሰጠኋት።

ካርዱ ላይ ያለውን የትውልድ ቀኗን አየችና ወሩን በጣቷ ቆጠረች። ብትሰድበኝ በወደድኩ። «እህቴ፣ እኛ የምንይዘው እስከ አምስት ዓመት ነው። እሷ ካለፋት ሦስት ወር ሆኗታል» አለች። ለመንኳት፣ እግሯ ላይ ወደቅኩ፤ አነሳችኝና አለቃዋ ጋ ገብታ ተመለሰች። ያው ነው። «ያኔ እውነቱን ብነግርሽስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኳት። መጠየቅ አልነበረብኝም።

«በዚያው ሳምንት ትጀምር ነበር» አለች።

ከፍ ያሉትን የሚቀበል ቤት ሜክሲኮ አካባቢ አለ ብላ አድራሻ ሰጠችኝ። ሄጄ አስመዘገብኳት። እስከ ዛሬ የደወለልኝ የለም።

ያን ቀን ግቢ ስገባ እማማ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ልጄን አውርጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። «እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ስንመጣ ሦስት ዓመት ተኩል ነበረች።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምን?»

«በመጣችሁ ሳምንት ገንፎ ሳጎርሳት አፏን አየሁ። መንጋጋዋ ሞልቶ የለም እንዴ? ሰባት አሳድጌ የሁለት ዓመት አፍ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ያኔ ባለሙያዋ ስትጠይቀኝ አጠገቤ ተቀምጠው ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሰው ፊት ላዋርድሽ ነው ልጄ?» አሉኝ፤ ከልባቸው ነው የሚናገሩት።

እኔ አፍሬ፣ እሳቸው እኔን ላለማሳፈር፣ ሁለታችንም እያወቅን ዝም ብለናል። ልጄ መሃላችን ተቀምጣ ነበር። ከሦስታችን መናገር የማትችለው እሷ ብቻ ነበረች።