ሱቃችንን ጎትተን ብርድ ስንሸሽ

ባሌ ሽጉጤ ያፏጫል። ስለ እሱ ልናገር ስል መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይኸው ነው። ሆሳዕና ከተማ ልጆች ሳለን በአባቴ አጥር ሥር እያፏጨ ያልፍ ነበር። እናቴ «ይሄ ልጅ እባብ ሊጠራብን ነው!» እያለች ትቆጣለች። እኔ ደግሞ ሙሉውን እንስራ ጓሮ እደፋና «ውሃ አልቋል» ብዬ ወንዝ እወርዳለሁ። ውሃ የሚያልቅብን ቤት ነበርን፣ ምን ይደረግ።

ስንጋባ «ወንዶ ገነት ወስጄ ፍል ውሃ አስገባሻለሁ» አለኝ። ልጅ ተወለደች፣ ንግድ ጀመርን፣ ንግዱ ወደቀ፣ እሱም በሞያሌ አድርጎ ወደዚህ ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከስንት ዘመን በኋላ እኔና ልጃችን ፍሬገነት ተከተልነው። ወንዶ ገነት እዚያው ቀረች።

ጆሃንስበርግ ስገባ ያመጣኝ ቶኮዛ የሚባል ሰፈር፣ ጎጎ ዛኔሌ ግቢ ነው። ጎጎ ማለት በዙሉ አያት ማለት ነው፤ የግቢው ባለቤት ናቸው። በራቸው ላይ ካራቫን ቆሟል፤ ነጮቹ በመኪና ጎትተው ለሽርሽር የሚወጡበት፣ ጎማ ያለው ቤት። የሽጉጤ ሱቅ እሱ ነበር! ጎማው ወልቆ በጡብ ላይ ተቀምጧል። ጎኑ ተቀዶ ሰፊ መስኮት ወጥቶለታል፤ መስኮቱ ላይ አውራ ጣት የሚያክል ብረት ፍርግርግ ሆኖ ተበይዷል። ከመስኮቱ በታች በትልልቁ «ዳቦ፣ ወተት፣ ኤርታይም» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ኤርታይም የስልክ ካርድ ነው። ዳቦው በፍርግርጉ ቀዳዳ ይወጣል፣ ገንዘቡ በዚያው ይገባል። ያም ሆኖ ስንት ጊዜ ሽጉጥ ተደግኖብን ተዘርፈናል።

ሽጉጤ ግን ከፍርግርጉ ኋላ ተቀምጦ ያፏጫል። መዝሙሩንም፣ ከታክሲ ውስጥ የሰማውን የዙሉ ዘፈንም፣ ያገኘውን ሁሉ። ሰፈርተኛው ከሩቅ ሲሰማው ሱቁ መከፈቱን ያውቃል። «ባባ ምሎዚ» ይሉታል፤ ፉጨተኛው አባት እንደ ማለት ነው። ጎጎ ዛኔሌ እንኳ፣ ፉጨት የሙታን ቋንቋ ነው ብለው የሚያምኑ ሴትዮ፣ «የሱን ለምጄዋለሁ፤ የእኔ ሙታን ስለ ስኳር ዋጋ አያወሩም» ይሉ ነበር።

ኮሮና ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ በዚያ በከፋው ክረምት፣ ታመመብኝ። እዚህ አገር ክረምት ማለት ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ በሰኔና በሐምሌ አጥንት የሚገባ ደረቅ ብርድ ነው። ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰክቶለት ከረመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእግሩ ወጣ። ፉጨቱ ግን አብሮት አልወጣም። ከንፈሩን ያሾላል፣ ይነፋል፣ የሚመጣው ሳል ነው። ከአልጋው ተነስቶ ግቢው በር ለመድረስ መሀል ላይ የጎጎን የልብስ ማስጫ ምሰሶ አቅፎ ያርፋል። ሱቁን ዘጋነው። ሰው መጥቶ በፍርግርጉ አጮልቆ «ባባ ምሎዚስ?» ይላል፤ «ያርፋል» እላለሁ።

ዓመቱ ዞሮ ብርዱ ሲቃረብ ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ እንዲህ አለች፦ «ይህን ክረምት እዚህ የከሰል ጭስና ብርድ ውስጥ እንዳያሳልፉ። ሞቃት አገር ይሂዱ፤ ብርዱ እስኪያልፍ እዚያው ይክረሙ።»

«ፉጨቴስ?» አላት።

ሳቀች። ፊቱን ስታይ ሳቋን ሰበሰበች። «እሱን አላውቅም። ሳንባዎ ዘንድሮ ካገገመ ይመለስ ይሆናል።»

ወደ ቤት ተመለስን። የት አባታችን ቤት ተከራይተን እንክረም? ይህን እያሰብን ሳለ ፍሬገነት ከምትኖርበት ከሜይፌር መጣች። ነገሩን ነገርናት። ወደ ካራቫኑ ጠቆመችና «ቤት አላችሁ እኮ!» አለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቦታ ልንመርጥ ተቀመጥን። ፍሬ በስልኳ ካራቫን የሚቆምበትን የመዝናኛ ካምፕ ታሳያለች።

«አባዬ፣ ይሄን እይ። ቢች ነው፣ ደርባን አጠገብ። ሱፐር ነው።»

«መንገድ ዳር ነው?»

«መንገዱ ምን ያደርግልሃል? ባህር ነው!»

«ታክሲ የሚቆመው የት ጋ ነው? ሰው በየት በኩል ያልፋል?»

«አባዬ! ሱቅ አይደለም የምትከፍተው። ሬስት ልታደርግ ነው!»

«ሰው የማያልፍበት ቦታማ የሚያርፈው የሞተ ነው።»

ጎጎ ዛኔሌ ለባህሩ ወገኑ። ደርባን በሄዱ ቁጥር የባህር ውሃ በጠርሙስ ቀድተው የሚመጡ ናቸው፤ ለደረት ፍቱን ነው አሉ። ግን በዚያው በፋሲካችን ሰሞን ደርባንን ጎርፍ መትቶ ድልድዩም መንገዱም ተበላሽቷል። እሳቸውም ጥቂት አሰቡና «ዘንድሮ ባህሩም ታሟል፤ ይቅር» አሉ።

«ሙሲና!» አለ ሽጉጤ። «ሙቀት ከሆነ ሙሲና ነው። ድንበር ላይ ስለሆነ የዚምባብዌ ሰው በገፍ ይሸምታል።»

«ልትሸጥ ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«እግረ መንገዴን ነዋ።»

«የፍሬ አባት፣ እግርህም መንገድህም እኔ ዘንድ ናቸው! እስከዚያ ምሰሶ እንኳ አትደርስም!»

ጮኼበት ነበር። ፍሬ ነገሩን ልታበርድ ብላ ካርታውን በጣቷ ሰፋ አደረገችው። «እስቲ ቆዩ፣ ከሙሲና ወዲህ አንድ ካምፕ አለ። ጡረተኞቹ ክረምት ክረምት ይሄዱበታል። ሆት ስፕሪንግ አለው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፍል ውሃ ነዋ፣ እማዬ።»

ሽጉጤ ቀና ብሎ አየኝና «ወንዶ ገነት» አለ፤ ቀስ ብሎ፣ የሰው ስም እንደሚጠራ።

እንዲህ ተስማማን። ካምፑ ውስጥ ካራቫኑ የሚቆምበትን እሱ ይመርጣል። በምላሹ ደግሞ ምንም አይሸጥም፣ ያ ፍርግርግም ይነሳል።

«ያለ ፍርግርግ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ።

«እኔ ደግሞ በእስር ቤት መስኮት እያየሁ አልዝናናም። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ማን ይዘርፈዋል?»

ሜይፌር የሚሠራው መካኒክ ታዬ መጥቶ ጎማ ገጠመልን፣ ብረቱን ቆርጦ ጣለው። ካራቫኑ ከጡቡ ላይ ሲነሳ ከሥሩ የጎጎ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ወጣች፤ ለካ ስትጠፋብን የምትከርመው እዚያ ኖሯል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ «ባባ ምሎዚ፣ ሱቁ ወዴት ነው?» ይላል። «ዕረፍት ወጥቷል» ይላቸዋል።

ፍሬ በባኪያችን፣ በፒክአፕ መኪናችን ማለት ነው፣ እየጎተተች ወሰደችን። ፖሎክዋኔ ድረስ ብርድ ነው፤ በብርድ ልብስ ተጠቅልያለሁ። ከሉዊስ ትሪካርት ወዲያ መንገዱ ተራራውን በስቶ በዋሻ ያልፋል። በዚህ በኩል ገብተን በዚያ ስንወጣ እንደ ሌላ አገር ሆነ። ባኦባብ የሚባለው ወፍራም ዛፍ በየሜዳው ቆሟል፣ አየሩ ለብ ያለ ነው። ብርድ ልብሱን ጣልኩ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፣ ካልሲዬንም። «እማዬ፣ በቃሽ!» አለች ልጄ።

ካምፑ ነጫጭ ካራቫን ነው፤ ጸጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት በየደጁ ተቀምጠዋል። ዘበኛው ከሁሉ ያማረውን ቦታ አሳየን፤ ጥላ ያለው፣ ጸጥ ያለ፣ ተራራው የሚታይበት። ሽጉጤ ዞር ዞር ብሎ አየና «አይሆንም» አለ። የመረጠው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የጋራ መታጠቢያ ቤቱ ፊት ለፊት!

«እዚህ ማንም አይቆምም፣ ባባ» አለ ዘበኛው።

«ሰው ሁሉ ግን በዚህ ያልፋል» አለ ሽጉጤ።

ፍሬ ሥራ ስላለባት በማግስቱ እየሳቀች ተመለሰች። እኔ ተናድጄ ነበር። በዚያው ጠዋት ሽጉጤ ፀሐይ ይግባ ብሎ የሱቁን መስኮት ወለል አድርጎ ከፈተው። ወዲያው ፎጣ በትከሻው ያደረገ ሁሉ ቆመ። ከፊት ያሉት ታኒ ሄስተር ናቸው፤ ታኒ ማለት በነጮቹ አፍሪካንስ አክስት ነው። ከጎናችን ያረፉ፣ ረጅም፣ ወንድ የሚያክል ድምፅ ያላቸው ሴትዮ።

«ወተት አላችሁ?»

ሽጉጤ ወደ እኔ አየ። «ዝግ ነው» አላቸው፣ ከዚያ ሁሉ ክፍት መስኮት ውስጥ ሆኖ።

«ግድግዳው አለ ይላል እኮ!»

አሳዘኑኝ፤ ከራሳችን አንድ ኩባያ ቀድቼ በነጻ ሰጠኋቸው። በማግስቱ የብርቱካን ማርማላታ ይዘው መጡ። ሽጉጤ «ይሄማ መሸጥ አይደለም፣ መለዋወጥ ነው» ሲል «ዝም ብለህ ብላ» አልኩት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰላም ሳይለን የሚያልፍ ጠፋ። እሱም መስኮቱ ላይ በክርኑ ተደግፎ ስለ ጎማ፣ ስለ ዝንጀሮ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራል፤ ግማሹን በዙሉ፣ ግማሹን በእጁ።

ጠዋትና ማታ ፍል ውሃ እንገባለን። መጀመሪያ ትከሻዬን ይዞ ነበር የሚወርደው። ውሃው ደረቱ ጋ ሲደርስ «ኡፍፍ» ይላል፤ እኔም «ኡፍፍ» እላለሁ፤ ሁለት ሽማግሌ ጉማሬ መሰልን። ትንሽ ሲቆይ ትከሻዬን ለቀቀ። ደግሞ ሲቆይ እሱ ቀድሞኝ ይሄድ ጀመር። ፉጨቱ ግን አልመጣም። ከሰዓት የተኛሁ ሲመስለው ከካራቫኑ ጀርባ ሄዶ ይሞክራል፤ ፍስስ የሚል አየር ብቻ። አንድ ቀን ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ተይው፣ የፍሬ እናት፤ ትንፋሹ ይበቃኛል» አለ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በዚያው ሰሞን ማስክ ማድረግ ቀረ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ታኒ ሄስተር ማስካቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ካምፑን ዞሩ። ሽጉጤም አውልቆ የመስኮቱ ምስማር ላይ ሰቀለው።

በነጋታው ቁርስ ላቀርብ ከካምፑ መደብር የገዛነውን ትኩስ ዳቦ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ሻይ ልቀዳ ዞር አልኩ። ኮሽ አለ። አንድ ጦጣ፣ ፊቱ የጠቆረ፣ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ሙሉውን ዳቦ በብብቱ ሸጉጦ ሄደ!

«ሌባ!» አለ ሽጉጤ። «ፍርግርጉን አንሳ ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

ጦጣው መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ እያየን ጫፉን ይገምጣል። ሽጉጤ ያን ሁሉ ዘመን፣ ሽጉጥ ካልተደገነበት በቀር፣ ዳቦ ሳይከፈለው ከመስኮቱ አውጥቶ አያውቅም። እስከ ወገቡ ወጣ፣ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ…

እኔ እንጃ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጆሮዬ ጭው አለ። ጦጣው ዳቦውን ጥሎ ፈረጠጠ። ከመታጠቢያ ቤቱ ፊቱ በግማሽ የተላጨ ሰውዬ ሳሙናውን እንደተቀባ ወጣ፤ ታኒ ሄስተርም የጥርስ ብሩሽ አፋቸው ውስጥ እንዳለ መጡ። ሽጉጤ ሌላ ሰው ያፏጨ ይመስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከተ። ከዚያ እኔን።

«ሰማሽ?»

«አልሰማሁም። እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ሦስተኛውን ጊዜ ጣቶቹን አውጥቶ በከንፈሩ ብቻ አደረገው፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ተቆረጠ፣ ደግሞ ተቀጠለ። በአባቴ አጥር ሥር የነበረችው ዜማ ናት።

«ይሄ ልጅ እባብ ሊጠራብን ነው!» አልኩ በእናቴ ድምፅ። ሳቁ ሳል ሆነበት፣ ሳሉ ደግሞ ሳቅ።

በማግስቱ ገና ልብስ ሳልለብስ ከውጭ ፉጨት ሰማሁ። መስኮቱ ላይ ነው። ባልዲያችን እስከ አፉ ሙሉ ነበር። በጓሮ በር አውጥቼ ሣሩ ላይ ደፋሁትና፣ ጸጉሬን አበጥሬ፣ በፊቱ አልፌ ወደ ቧንቧው ወረድኩ።