መምህርት ብርቄና የቤታችን መስኮት

የጎጆ ከተማ ልጆችን ፊደል ያስቆጠሩን መምህርት ብርቄ ባለፈው ሳምንት አምቦ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። መንገዱ ተበላሽቶ ከቀብሩ ለቀራችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ።

የጎጆን ብርድ ታውቁታላችሁ። በዚያ በደርግ ዘመን ክረምት ሲገባ መስኮታችንን በጭቃና በጭድ እንደፍነው ነበር። እኛ ልጆች በቀን እንኳ በኩራዝ ነበር የምናነበው። እኔ ደብተሩን ከአፍንጫዬ አጣብቄ ነበር የማነበው፤ ሰሌዳው ጭራሽ አይታየኝም። አባቴ ኦቦ ቱፋ «ትምህርቱ አልገባትም፤ ቤት ትዋል» ብለው ሊያስወጡኝ ቆረጡ።

መምህርት ብርቄ ይህን ሰምተው ቤታችን መጡ። ከበሩ እንደገቡ ቆም አሉና «ኦቦ ቱፋ፣ የት ነው ያሉት? እኔ እኮ አልታዩኝም!» አሉ። አባቴ ሳቁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ልጅቷ አልገባትም አይበሉ፤ አልታያትም ነው። ዓይን የሚያድገው በልጅነት ነው፤ ብርሃን ይፈልጋል።»

«ኤጋ፣ እንግዲህ መምህርት፣ ብርዱስ? ታናናሾቿን ብርድ ይፍጃቸው?»

መምህርት ብርቄ የቀረበላቸውን አሬራ ጠጥተው ሄዱ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አናጢ አስከትለው ተመለሱ። አናጢው በጋቢ የተጠቀለለ መስታወት ይዟል። ጭቃውን አፍርሶ መስታወቱን ገጠመው፤ ብርሃኑ ገባ፣ ብርዱ ውጭ ቀረ። እኔንም በጭነት መኪና አምቦ ወስደው መነጽር አስደረጉልኝ። ከትምህርት ቤት አልወጣሁም።

መስታወቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ እዚያው ጎጆ ወደነበረው ቤታቸው የተላክሁ ዕለት ነው። የመኝታ ክፍላቸው መስኮት በካርቶን ተሸፍኗል። ባፍርም ጠየቅኋቸው።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የእኔ ዓይን እኮ አድጎ ጨርሷል» አሉኝ።

ታናናሾቼ አንዳቸውም መነጽር አላስፈለጋቸውም። በመስኮቱ ይሁን በዕድል፣ እኔ እንጃ። አባቴ ግን በመስኮቱ ነው ብለው ድርቅ ይላሉ፤ ያን መስታወት ለመወልወል ማንንም አያምኑም።

መምህርቴ፣ እኔም ዛሬ በዚያው በጎጆ አስተማሪ ነኝ። ክፍሉ ሲጨልም ልጆቹን ይዤ ሜዳ እወጣለሁ፤ ይህንንም ከእርስዎ ነው የተማርሁት። እጅግ ናፍቀውኛል። መስታወትዎን ሳንመልስልዎ ሄዱብን። አሁን ከመስኮቱ ሥር ልጄ ተቀምጣ ታነባለች፤ ደብተሯን ከፊቷ አርቃ ይዛለች። በሰላም ይረፉ።