አርባው ቀንና መጫኛው

ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሰዓቱን በትክክል የማውቀው፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ አባቴ የሸለሙኝን የእጅ ሰዓት በዚያች ቅጽበት አይቼ ስለነበር ነው። ታናሽ እህቴ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ ስትወርድ፣ የካ ካለው ቤታችን አጥር ሥር አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ባቷን ነከሳት። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሮጬ ደርሼ ውሻውን በአጥር እንጨት ቀጥቅጬ ገደልሁት፤ ሬሳውንም ወንዝ ውስጥ ወረወርሁት። ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ።

በማግስቱ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቁስሏን እያጠበ ጠየቀኝ።

«ውሻውስ የታለ?»

«ገድዬዋለሁ።»

«አስረህ ዐሥር ቀን ብታቆየው ማበድ አለማበዱ ይለይ ነበር። የተማርህ ትመስላለህ፤ ምነው?»

የእብድ ውሻ መርፌ አልቆ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመላልሰን አጣነው።

አባቴ ቄስ ነበሩ። «የተነከሰ ሰው እስከ አርባ ቀን ይታያል» አሉ። «ጸበሉን ትጠመቃለች፤ እኛም እግዚአብሔርን በትዕግሥት ደጅ እንጠናለን። በዚህ ቤት የሚፈራ ሰው እንዳላይ!»

ቃላችን ከእግዚአብሔር ጋር ነበር፤ ዓይናችን ግን ከእርሷ አልተነሣም። በበሽታው የተያዘ ሰው ውኃ ይፈራልና፣ በየጧቱ በጣሳ ውኃ የማጠጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ጠጥታ ስትጨርስ ሰዓቱን በደብተር እጽፋለሁ። እናቴ የእህቴን ጣሳ ከእኛ ለየች። ከቤተ ሰቡ ያለ ሥጋት የምትተኛው እህቴ ብቻ ነበረች።

«ጋሼ፣ ዛሬም አላበድኩም፤ ይጻፉት እንጂ» ትለኝ ነበር።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጧት ውኃውን ተጎንጭታ ሳትውጥ ቀና ብላ አየችኝ። ብዕሬን አዘጋጅቼ አፍ አፏን ስመለከት ነበርና ሳቋ አመለጣት፤ ውኃውም ትን አላት። ጣሳው ከእጇ ወደቀ። ከጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ ሰማሁ። «ያዟት!» ብዬ የጮኽሁት እኔ ነኝ።

አባቴ የበቅሏቸውን መጫኛ አምጥተው ከምሰሶው ጋር አሰሯት። ቋጠሮውን ያጠበቁት እርሳቸው ናቸው፤ እግሯን የያዝሁት እኔ።

«አባባ፣ እግዚአብሔር አለ ብለውኝ አልነበር?»

«አለ።»

«ታዲያ ገመዱ ምንድን ነው?»

«ዝም በይ። ጸልዪ።»

ጸለየች። አንድ እጇ ብቻ ተፈትቶላት፣ እናቴ ምግቡን በረጅም እንጨት እየገፋች ታቀርብላት ነበር። ውኃውን በየቀኑ ጠጣች፤ እኔም በየቀኑ ጻፍሁ። አርባው አልሞላምና ማንም አልፈታትም።

አርባው በሞላበት በታኅሣሥ 19 ቀን አባቴ የገብርኤልን በዓል አክብረው ሲመለሱ፣ ጥምጥማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ገመዱን ፈቱ። ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም። እህቴ የእጇን አንጓ አሻሽታ ተነሣች፤ ጣሳዋን ራሷ አጥባ፣ ራሷ ቀድታ፣ ቆማ ጠጣች። ከዚያ ጣሳውን እግሬ ሥር ደፍታ አስቀመጠች።

«ይጻፉ» አለችኝ።

እህቴ አርጅታ ነው የሞተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ ውኃ ተቀብላ አታውቅም፤ ስለ ነገሩም አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ውሻው አብዶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር አልታወቀም። ያን ጧት የሰማሁት ሳቅ መሆኑን እያወቅሁ ጮኼ እንደሆነ ደብተሩ አይናገርም፤ እኔም እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።