እህቴን የሚያስነሳት ድምፅ

እህቴ ከዐረብ አገር በተመለሰች ሰሞን፣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤታችን ምሳ እየበላን ሳለ ስልኳ ጮኸ። እንደ ጥሪ አልነበረም። የበር ደወል የሚመስል፣ ቀጭንና ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ነው። እህቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ ትሪው ላይ ጥላ ብድግ አለች።

"ነዓም፣ ማማ!" አለች በዐረብኛ፣ ለአሠሪዋ "አቤት" እንደምትለው።

ከዚያ ቆማ ቀረች። ዐይኗ ግድግዳውን፣ እናታችንን፣ እኔን እያየ ዞረ። የት እንዳለች እያስታወሰች ነበር።

"ምንድን ነው ልጄ?" አለቻት እናታችን።

"ምንም። ስልክ ነው" አለችና ተቀመጠች። ምሳዋን ግን አልጨረሰችም።

ያ ድምፅ ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ እንደ አንድ ሰው መኖር ጀመረ። አንዳንድ ቀን ጠዋት ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ከአሱር ሶላት በኋላ። ልብስ እያጠበች ከነሳሙናዋ ትነሳለች። አንድ ቀን ሶላቷን አቋርጣ ተነሳችና አፍራ እንደገና ከመጀመሪያው ሰገደች። እናታችን ነገሩ ከስልክ ያለፈ መሰላት። "ልጄን ዐይን በልቷታል፤ ሼኹ ጋ ወስደን ለፈውስ ሩቅያ ቁርኣን ይቀራላት" ማለት ጀመረች።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከከነከነኝ መቀመጫ የለኝም፤ ተፈጥሮዬ ነው። የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የተሰፋውን ሸሚዝ ስፌቱን እየመረመርኩ አሳልፋለሁ። በየጠዋቱ ሚኒባሱ የሀረጎን ቁልቁለት ሲጠማዘዝ የማስበው ስለዚያ ድምፅ ነበር። ሥራ ላይ ሆኜም ጆሮዬ ውስጥ ይጮህብኛል። ኮሌታው የተጣመመ ሸሚዝ እያሳለፍኩ አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠርታ ተቆጥታኛለች።

አንድ እሑድ፣ "እትዬ፣ እስቲ ስልኩን አሳዪኝ" አልኳት።

ሰጠችኝ። ስልኩ ጥሩ ስልክ ነው፤ ከእኔው በብዙ ይሻላል። አሠሪዋ ከዚያ አገር የስልክ ኩባንያ በኮንትራት ገዝታ የሰጠቻት ነው። ሲከፈት የኩባንያው ምልክት ከነሙዚቃው ይመጣል። ከዚያ ኩባንያው ራሱ የጫናቸው አፖች ይደረደራሉ፦ የገበያ፣ የጨዋታ፣ የእግር ኳስ። የአየር ሁኔታ የሚናገረው አፕ የደሴ ጉም ግቢያችን ውስጥ ተኝቶ እያለ የዚያን ከተማ ሙቀት ያሳያል። ከሁሉም በታች የቤት ሥዕል ያለበት አንድ አለ።

"ይኼ ነው" አለች እህቴ፣ በጣቷ ሳትነካው። "የቤተሰብ ነው ይሉታል። የአሠሪዬን ልጅ ይዤ መናፈሻ ስወጣ ማማ የት እንዳለሁ ታይበታለች። ስትጫነው እኔ ጋ ይጮሃል። ድምፁን ባጠፋውም ይጮሃል። 'አለሁ' የሚለውን እስክጫን ዝም አይልም።"

"አሁንም ትጠራሻለች እንዴ?"

"ኧረ... አንዳንዴ ማስታወቂያ ነው። አንዳንዴ አፑ ራሱ 'አድሱኝ' እያለ ይጮሃል።"

"አንዳንዴስ?"

ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

ለማጥፋት ያልሞከርኩት ነገር የለም። ማጥፊያው ቁልፍ ደብዝዞ ተቀምጧል፤ ቢጫኑት አይሰማም። "ሽጪው በቃ፣ ሌላ እንገዛለን" ስላት ፊቷ ተለወጠ። በአራስነቷ ተቀብላ ያሳደገቻት ልጅ ድምፅና ፎቶ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ለእረፍት ሌላ አገር ሲሄድ ልጅቷ በድምፅ የላከችላትን ሁሉ አስቀምጣዋለች። "ስልኩ ምን አጠፋ?" አለችኝ።

ሚኒባስ ውስጥ ቪዲዮ ሳይ፣ ሰዎች የጻፉትን ሳነብ ከረምኩ። "ሩት ማድረግ" የሚለውን ያገኘሁት እዚያ ነው። አንዱ ቀላል ነው ይላል፤ ሌላው ስልኬ በዚያው ሞተ ብሎ ያለቅሳል። ባነበብኩ ቁጥር ጭንቀቴ ባሰ። በመጨረሻ በምሳ ሰዓቴ ከፋብሪካው ወጥቼ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አካባቢ የስልክ ጥገና ወዳላት ጓደኛዬ ሄድኩ። ቴክኒክና ሙያ አብረን ነበርን፤ እሷ በኤሌክትሮኒክስ ቀጠለች፣ እኔ ወደ ስፌት ዞርኩ።

"ያለውን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ ብናስነሳውስ?" አልኳት።

"ተመልሶ ይመጣል። ኩባንያው ሥሩ ላይ ነው የጫነው። ይባስ ብሎ የአሠሪዋን የሚስጥር ቁጥር ይጠይቅሻል።"

"ሩት ብናደርገውስ?"

"እሱ ሌላ ነው። ሩት ካደረግሽው ኩባንያው የከለከለሽን ሁሉ ራስሽ ታዥዋለሽ፣ የፈለግሽውን ታጠፊያለሽ። ግን ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል። መሃል ላይ ከተበላሸ ደግሞ ስልኩ ዴድ ይሆናል፤ ላስነሳው እችል ይሆናል፣ ላልችልም እችላለሁ። የባንክ አፕም እንዲህ ያለ ስልክ ላይ አልሠራም ሊል ይችላል።"

"የባንክ አፕ የላትም።"

"እንግዲያው ራሷ ትምጣ። አንቺ ፈቅደሽልኝ የሰው ስልክ አልነካም።"

ለእህቴ ነገርኳት። "ሁሉም ይጠፋል?" አለች። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ በኋላ እንደሚመለስ አስረዳኋት። "ካልተመለሰስ?" አለችኝ። ለቀናት ነገሩን አላነሳችውም። እኔ በየማታው ፊቷን እያየሁ ከክፍል ክፍል እመላለስ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን የፈላ ውሃ ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ ጮኸ። ደንግጣ ስትዞር ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ብዙ አልጎዳትም፤ ቆዳዋ ቀልቶ ነው የቀረው። እናታችን ግን ነጠላዋን አንስታ፣ "በቃ፣ አሁኑኑ ሼኹ ጋ!" አለች።

"እማ፣ ሼኹም ጋ እሄዳለሁ" አለች እህቴ እግሯን እያራገበች። "መጀመሪያ ግን ኮምቦልቻ።"

በሚቀጥለው እሑድ ወረድን። ከመጣች ወዲህ ከሆጤ ወጥታ አታውቅም ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ረዳቱ በጮኸ ቁጥር ትባንናለች። ሀረጎን ጨርሰን ሙቀቱ ሲቀበለን ሻርፗን ላላ አደረገችና፣ "ኮምቦልቻ እንዲህ ሰፍታለች?" አለች። ያን ቀን ስለ ሌላ ነገር ያወራችው ያንን ብቻ ነው።

የጓደኛዬ ሱቅ ጠባብ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ የተፈታቱ ስልኮች፣ ሽቦ፣ አንዲት የምትንገጫገጭ ቬንትሌተር። ስልኩን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ መገልበጥ ጀመረች። መገልበጡን ለማረጋገጥ አንዱን ድምፅ ከፈተችው።

"ኻላ! ኻላ፣ ነይ! ድመቷን እዪ!" አለ የልጅቷ ድምፅ፤ "ኻላ" በዐረብኛ አክስት ማለት ነው፣ እህቴን የምትጠራበት።

ጓደኛዬ ዞር ብላ እህቴን አየቻት። "አማርኛ ነው እንዴ የምታወራው?"

"ከእኔ ጋር ብቻ" አለች እህቴ። ከመጣች ወዲህ ፈገግ ስትል ገና ያኔ ነው ያየሁት። "እናቷ ፊት አንድም ቃል አይወጣትም። ማንም አትናገሪ ሳይላት፣ ራሷ ነው ያወቀችው።"

ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ስልኩ ጮኸ። እህቴ ስትነሳ የተቀመጠችበት በርጩማ ተገለበጠ። ጓደኛዬ ስክሪኑን ጎንበስ ብላ አየች።

"ይኼ ማስታወቂያ አይደለም። ሰው ነው የጫነው። የት እንዳለሽ እየጠየቀ ነው።"

"አሁንም? ከዚያ ቤት ወጥተሽ፣ አገርሽ ገብተሽ አሁንም?" ብዬ ለመዝጋት እጄን ስሰድ እህቴ አንጓዬን ያዘችኝ።

"ተይ! ልጅቷ ልትሆን ትችላለች።"

"የቷ ልጅ?"

"እዚያ እያለሁ የእናቷን ስልክ ባገኘች ቁጥር የቤቱን ሥዕል ትጫነው ነበር። ስትጫነው እመጣላታለኋ። ጨዋታዋ ነበር።"

"ታዲያ ልጅቷ ከሆነች ምን ያስደነግጥሻል?"

"ማን እንደሆነች አላውቅማ!" አለች። ድምፅዋ ከፍ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። "እናትየዋም ልትሆን ትችላለች፣ ልጅቷም። ሳላውቅ ነው እግሬ የሚነሳው።"

ጎንበስ ብላ "አለሁ" የሚለውን ተጫነች። ጩኸቱ ተቋረጠ።

ጓደኛዬ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። "ይቅር ካልሽ ይቀራል። ገና ምንም አልነካሁም።" እህቴ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ ባጃጆቹን እያየች። ልከተላት ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ጓደኛዬ "ተያት" ብላ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ስትመለስ ፊቷ ደርቆ ነበር። "አጥፊው" አለች። "ልጅቷን ስፈልጋት ራሴ እደውልላታለሁ። ቁጥራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ።"

ነገሩ ቶሎ አላለቀም። የመጀመሪያው ሙከራ ስልኩን አሳበደው። የኩባንያው ምልክት ከነሙዚቃው ይመጣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል፤ ከዚያ አያልፍም። ያ ሙዚቃ ደጋግሞ ሲጫወት እህቴ ጆሮዎቿን ያዘች። በዚህ መሃል መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሯ ቆመች፣ ሙቀቱ ተጫነን፣ ላፕቶፑ በባትሪው ቀረ። ጓደኛዬ ላቧን በክንዷ እየጠረገች ትሠራለች። ውሃ ልግዛ ብዬ ወጣሁ፣ ሳልገዛ ተመለስኩ። እንደገና ወጣሁ።

"ኧረ በአላህ ቁጭ በይ!" አለች እህቴ። "እኔን የሚያስጨንቀኝ የአንቺ መንቆራጠጥ ነው።"

በኋላ ጓደኛዬ ስህተቱን አገኘችው። የጫነችው ፋይል ከዚያ ስልክ ጋር የሚቀራረብ የሌላ ስልክ ነበር። ትክክለኛውን በእኔ ዳታ አወረድንና እንደገና ሞከረች። ስልኩ ምልክቱን አሳየ፣ ቆየ፣ ቆየና ተከፈተ። አፖቹ አሁንም ነበሩ። ነገር ግን ማጥፊያው ቁልፍ አልደበዘዘም።

ጓደኛዬ ስልኩን ለእህቴ አቀበለቻት። "አንቺው አጥፊው።"

ገበያው ጠፋ። እግር ኳሱ፣ ጨዋታው፣ የዚያ ከተማ ሙቀት ጠፋ። የቤቱ ሥዕል ላይ ስትደርስ ጣቷ ትንሽ ቆየ። "ቢስሚላህ" ብላ ተጫነችው። "ተወግዷል" አለ ስልኩ። ከዚያ በላይ ምንም አልሆነም። እኔ አንድ ነገር ስጠብቅ ነበር፤ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ፎቶዎቹ ሁሉ ተመለሱ። ከድምፆቹ ግን ጥቂቶቹ አልተመለሱም። እህቴ ቤት ገብታ አንድ በአንድ ስትሰማ ነው ያወቀችው። የድመቷ አለ፤ ልጅቷ እየዘፈነች የላከችው የለም። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ጓደኛዬ ጋ ሮጥኩ። ላፕቶፗን አገላብጣ ፈለገች፤ አጣችው። ለእህቴ ስነግራት "እሺ" ብቻ አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ድምፁ ከጠፋም በኋላ ለሳምንታት ያለ ምንም ምክንያት ትነሳ ነበር። ተቀምጣ እያወራች ቀጥ ትላለች፣ ታዳምጣለች፣ ትቀመጣለች። እናታችን እንደፈለገችው ሼኹም ቀሩላት። የትኛው እንደበጀ ለማወቅ የሚከራከር ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ስልኩን አንስታ ደወለች። አጠገቧ ነበርኩ። አሠሪዋ ስታነሳ እህቴ ጀርባዋን አቀናች። በዐረብኛ ተነጋገሩ፤ በኋላ እንደተረጎመችልኝ ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስልክሽ ተበላሸ ወይ ብላ ነው። "አይ፣ ማማ። ደህና ነው። አፑን እኔ አጥፍቼው ነው" ብላ መለሰችላት። ሴትዮዋ ከዚያ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠቻት።

ልጅቷ መጀመሪያ በዐረብኛ ተንተባተበች። ከዚያ የሩጫ ኮቴ፣ የበር መዝጋት ተሰማ፤ ቀጥሎ ሹክሹክታ።

"ኻላ፣ ስጠራሽ ለምን አትመጪም?"

እህቴ ዐይኗን ጨፈነች። "ሩቅ ነኝ የኔ ማር። አሁን እኔ ነኝ የምደውልልሽ፣ እሺ?"

"ነገ?"

"ኢንሻአላህ፣ በሚቀጥለው ጁምዓ።"

ለጥቂት ወራት በየጁምዓው ተገናኙ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ ጥሪው እየተራራቀ መጣ፤ አማርኛዋም ከዐረብኛው ጋር እየተቀላቀለ ሄደ። እህቴ ግን ስልኩን ስትዘጋ ወዲያው ሥራ ትይዛለች። ደጋን ከተማ ያለችው አክስታችን ጋ ብቻዋን ሄዳ ሰንብታ መጣች። ሸርፍ ተራ ገበያ ልብስ ከምትሸጥ ዘመዳችን ጋርም መዋል ጀመረች።

በቅርቡ ከኮምቦልቻ ስመለስ ቤት አልነበረችም። ስልኳ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል። እናታችን የት እንደሄደች አታውቅም። ባጃጅ መቆሚያው ድረስ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ በሩ ላይ ቆምኩ። የመግሪብ አዛን ሲል ከሁለት ሴቶች ጋር እየሳቀች መጣች።

"የት ነበርሽ?" አልኳት። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ወጣ።

"ስዞር ነበር" አለችና አልፋኝ ገባች።

ሌላም ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያ የስልኩ ጩኸት ትዝ አለኝና ተውኩት፤ ውዱእ የምታደርግበት ውሃ ልቀዳላት ገባሁ።