ግራጫው የዝንብ ሆድ

የታናሽ እህቴ የሰርግ ፎቶግራፍ ትናንት ከአዲስ አበባ መጣ፤ በቀለም የታጠበ። ቤተሰቡ እየተሻማ ሲያይ እኔ ሙሽሮቹን ትቼ የራሴ አረንጓዴ ቀሚስ ላይ ፈዝዤ ቀረሁ። አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ ወጥቷል። እናቴ «ምነው፣ አላማረብኝም ብለሽ ነው?» አለችኝ። ስለ ዝንብ እያሰብኩ ነው ብላት ማን ይሰማኛል?

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ዓመት ነበር። ነገሌ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ስላቃተኝ ዱብሉቅ፣ የከብት ክሊኒክ ኃላፊ የነበረው አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ወቅቱ ቦና ነው፣ የቦረና ደረቅ ወራት። መንገዱ ቀይ አቧራ፤ ሻዩ ጭስ ጭስ በሚል የግመል ወተት የፈላ። ያን ሻይ ዛሬም አልወደውም፤ ግን ይናፍቀኛል።

ከአንዱ ኤላ፣ ከጥልቁ የውሃ ጉድጓድ፣ የሚጠጡ ጥጆች መታመም ጀምረው ነበር። አንድ የከብት በሽታ ባለሙያ መጥቶ ገንዳው ላይ ያረፉትን ዝንቦች ፎቶ አነሳ፤ ጥቂቶቹንም በሳጥን ሰብስቦ ከአንድ መጽሐፍ ጋር ለአጎቴ ተወለት። «እስኪጣራ ኤላው ይዘጋ» ብሎ ወደ ፊልቱ ከተማ አለፈ። ሳጥኑን ስንከፍተው ጉንዳን ከክንፍ በቀር ምንም አላስቀረም። ከአዲስ አበባ ታጥቦ የመጣው ፎቶ ብቻ ቀረን።

እነዚህ ወታደር ዝንብ የሚባሉት፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ መንትያ ይመስላሉ። ሆዱ አረንጓዴ የሆነው ንጹሕ ውሃ ላይ ይራባል፤ ቢጫው እበት የገባበት ላይ። አረንጓዴ ከሆነ ኤላው ይከፈታል፤ ቢጫ ከሆነ እስከ ዝናብ ተዘግቶ ይከርማል።

«ባዮሎጂ ተምረሻል አይደል? በይ ለዪ» አለኝ አጎቴ።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። የሁሉም ሆድ ግራጫ። በመስኮት ብርሃን አየሁት፣ በአጉሊ መነጽር አየሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይለይም!»

«እንግዲያው ሌላ ያዢ።»

ሄድኩ። ኤላው ስለተዘጋ ገንዳው ደርቋል፤ ውሃ በሌለበት ምን ዝንብ ያርፋል? ለማጣራት ዘጋነው፤ ስለዘጋነው ማጣራት አቃተን።

የኤላውን የውሃ ወረፋ የሚመሩት ሽማግሌ፣ አባ ጃተኒ፣ በየጠዋቱ ክሊኒኩ በር ላይ ይቆማሉ።

«አካም፣ ኢንተላ! ናጋ?» ይሉኛል፣ ደህና ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዝንባችሁ ዛሬስ ተናገረ?»

«አልተናገረም። ወታደር ነው እኮ የሚባለው።»

«ወታደር ከሆነማ አዛዡን ጠይቁት!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ከኋላቸው ላሞቻቸው የደረቀውን ገንዳ ይልሱ ነበር።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «አባ ጃተኒ፣ አንቱ ዝንቡን በየቀኑ ያዩት ነበር። ሆዱ አረንጓዴ ነው ይበሉኝ፤ እጽፋለሁ፤ ኤላው ይከፈታል» አልኳቸው።

በትራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ። «ከብት ሳጠጣ የዝንብ ሆድ አላይም። በኤላ ነገር አይዋሽም፣ ልጄ።»

«ከብቶቹ ያልቃሉ እኮ!»

«ያልቃሉ» አሉ።

በማግስቱ መንጋቸውን ይዘው ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄዱ። መቆም ያቃታትን አንዲት ጥጃ ልጃቸው ትከሻው ላይ አድርጓት ነበር። አቧራቸው እስኪጠፋ አየሁ፤ ፎቶው እጄ ላይ ነው።

ዝናቡ ሲገባ ገንዳው ሞላ፤ ዝንቦቹም ተመለሱ። ሮጬ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። አረንጓዴም ቢጫም፣ ጎን ለጎን፣ አንድ ገንዳ ጠርዝ ላይ። ለዚህ መጽሐፉ የሚለው አልነበረውም። አባ ጃተኒ አልተመለሱም፤ ከከብቶቻቸው የተረፈ ይኑር አይኑር የሚነግረኝም አላገኘሁም።

«ቀለሙ እንዴት ጥርት ብሏል!» ትላለች እናቴ ፎቶውን ከፍ አድርጋ። ያኔ እንዲህ ያለ ፎቶ ቢኖረን እያልኩ ልጽናና እሞክራለሁ። ወዲያው ሁለቱም ቀለም ጎን ለጎን ያረፈበት ያ ገንዳ ትዝ ይለኛል፤ መጽናኛዬም ይሄዳል። የሚቀረው አባ ጃተኒ «ያልቃሉ» ያሉበት ድምፅ ነው። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።