ኢሳይያስ የደረሰችው ባልቴት

ማኅበሩ የተሰበሰበበት ቀን የሰኔ ሚካኤል ነበር፤ መልካሙ እንደዚያ ይመስለዋል። «ወይስ የኅዳሩ?» ይላል ብቻውን፣ ድምፁን አውጥቶ። በርበሬው ለፀሐይ ተሰጥቶ ስለነበር የኅዳሩ ሳይሆን አይቀርም።

ንግሥቴ ከቡሬ ወጣ ባለች መንደር በርበሬ እያለማች የምትኖር ባልቴት ነበረች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር የማንበብ ልማድ ያስያዛት ግን የመንደሩ መምህር መልካሙ ነበር።

«በቀን ሦስት ምዕራፍ፣ እትዬ። አያስቀሩ፣ አያስበልጡ» አላት።

ስጥ እየጠበቀች፣ በአንድ እጇ ዶሮ እያባረረች ታነባለች። ገጹ በርበሬ ስለጠጣ ሲገልጡት ያስነጥሳል።

በዚያ ቀን የሚካኤል ማኅበሩ ጽዋ ተራ ደርሷት ልትረከብ ነበር። ለጽዋው መሸፈኛ የሚሆን አዲስ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጥታለች። ቄስ ገብረሰንበት ሲያስተምሩ፣ «'አንተ ትጋ፣ እኔ እረዳሃለሁ' ይላል መጽሐፉ» አሉ።

«አባቴ፣ የት ላይ ይሆን?» አለች ንግሥቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ። «እኔ ኢሳይያስ ደርሻለሁ፤ እስካሁን አላገኘሁትም። ወደፊት ይሆን?»



«ኢሳይያስ ደረሰች» አሉ ቄሱ ለማኅበርተኛው። «ዳዊት መድገም አነሳት። እንዲህ ከዳር ዳር የሚያነበው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።»

«ጴንጤ ነዋ» አለች ጎረቤቷ አደይ። «እኔስ ዶሮ ስታባርር የምታነበንበው ድግምት መስሎኝ ነበር።»

ተሳቀ።

«ማነው ያስጀመረሽ?» አሉ ቄሱ።

ንግሥቴ ከማኅበርተኞቹ መሀል ወደተቀመጠው ወደ መልካሙ አላየችም። እሱም ዓይኑን ከጠላው ላይ አላነሳም።

«ትተዪዋለሽ ወይስ ጽዋው ይለፍሽ?»

«የጀመርኩትን ልጨርስ፣ አባቴ።»

ጽዋው አልፏት ለአደይ ተሰጠ። ንግሥቴ ጨርቁን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ ለበርበሬዋ ለቀማ ደቦ የሚወጣላት ጠፋ። ያልተለቀመው ምርት ማሳው ላይ እንዳለ ደረቀ። ልጆች ሳይቀሩ ስታልፍ ያስነጥሱባት ጀመር፤ የመልካሙ ተማሪዎች ናቸው፣ አንዱንም አልተቆጣም። በዓመቱ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ፍኖተ ሰላም ልጇ ዘንድ ገባች።

ባለፈው ጥር መልካሙ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አገኛት። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ መጽሐፉ በዚያ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነው።

«እትዬ ንግሥቴ።»

«መልካሙ፣ ደኅና ነህ? ተማሪዎችህስ?»

«ደኅና ናቸው። ጨረሱት?»

«ጨርሼ ደገምኩት። ይኸው ተመልሼ ኢሳይያስ ደርሻለሁ። አላስቀረሁም፣ አላስበለጥኩም።»

ያን ቀን ለምን ወደ እሱ እንዳላየች ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት፣ ረዳቱ የመኪናውን ጎን ደበደበ። ሚኒባሱ ወደ ደብረ ማርቆስ መንገድ ወጣ። ንግሥቴ ጨርቁን ፈትታ ማንበብ ጀምራ ነበር።